ተኩላው የሚለማመደው ድምፅ

«እኔ ተኩላው እኮ አልራበኝም። የልጅቷ ቤት በር ላይ ቁጭ ብዬ የአባቷን ድምፅ ነው የምለማመደው» አለች ሱሀይር። ዓርብ ነው። ባሏ አዩብ አንዋር መስጊድ ሰግዶ እስኪመጣ የሱቁን ብረት በር ከታች ስንዝር አስቀርታ ዘግታ፣ ትንሿን ልጇን ዱንያን በተረት ይዛታለች።

«ሱሀይር፣ ክፈቺልኝ። ስኳሬ ወርዶብኛል።»

ዱንያ አጨበጨበች። «እማዬ፣ ልክ እንደ አባዬ አደረግሽው። ድገሚው።»

ሱሀይር ግን አፏን አልከፈተችም ነበር፤ ድምፁ የመጣው ከበሩ ውጭ ነው። አዩብ ደግሞ እውነትም ስኳር አለበት፤ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሱቅ ውስጥ ወድቆባታል። በስፒከር እንደሚሰማው ኢማሙ ገና እያሰገዱ ነው። ጎንበስ ብላ በስንዝሯ ክፍተት አየች። ደጁ ላይ ፀሐይ ብቻ ነው፣ እግር የሚባል የለም።

«ሱሀይር፣ ቶሎ በይ እንጂ» አለ ድምፁ፣ ደከም ብሎ፣ እዚያው በሩ ላይ።

እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱ ነበር?