የማሰሮው ክዳን

ባሏ ግቢ ውስጥ የጭነት መኪናውን ሲያጥብ የውሃውን ድምፅ እያዳመጠች፣ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ ጓዳ ገባች። «የወይን አቼቶ ጥያለሁ፤ ለሆድ ፍቱን ነው አሉ፤ ምግብም ያጣፍጣል» ብሏት ነበር። የፈላ የወይን ጭማቂ ግን የማሰሮው አፍ ተከድኖ ከቆየ ያሰክራል፤ አቼቶ የሚሆነው በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ አየር ሲያገኝ ነው። እሱ ደግሞ ክዳኑን ግጥም አድርጎ ሲዘጋ በዓይኗ በብረቱ አይታዋለች። መጠጥ እርም ካለ ገና መች ሰነበተና! ስለዚህ ክዳኑን በሻሿ ልትለውጠው፣ ከጠየቃትም ዓይኗን በጨው አጥባ ልትክደው ቆርጣ ነበር።

ጎንበስ ስትል ማሰሮው ክዳን አልነበረውም። አፉ በንጹህ ስስ ጨርቅ ተሸፍኖ በሲባጎ ተጠፍሯል፤ ቋጠሮው ባሏ የጭነት ሸራ የሚያስርበት ቋጠሮ ነው። ክዳኑ ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ጠጋ ብላ ብታሸት ኮምጣጣው ሽታ አፍንጫዋን ሰነፈጣት።

ውጭ የውሃው ድምፅ ቆመ።

«አንቺ! ጓዳ ነሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ሽንኩርት ልወስድ ነው» አለች፣ ሻሿን በእጇ ጨብጣ።

ባሏ ባልዲውን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሰማች።

«እንግዲያው ያንን ክዳን እኔ የማላገኝበት ቦታ ደብቂልኝ።»