የሊያው አፍንጫ

በሊሻን ተራራ ሊያውን የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ሻዩን ግን ሁሉም ይመኘው ነበር። ሰውየው ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ነው። የጎረቤቶቹን ሻይ «ድርቆሽ» ይለዋል፣ ቆላ የበቀለውንማ ስሙንም አይጠራው።

መንደሩ ይህን ሁሉ የሚችለው ለአፍንጫው ሲል ነው። የተለቀመው ቅጠል በቀርከሃ ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ሲጠወልግ መጀመሪያ ሳር ሳር ይሸታል፤ ቆይቶ አበባ አበባ ይላል። ያኔ ወደሚቆላበት የጋለ በርሜል መግባት አለበት። ከቀደመ ጥሬ ነው፣ ከዘገየ ገለባ። ሊያው አንድ እፍኝ አንሥቶ ያሸታል፤ አድናቆት ስለማይጠግብ ሚስቱን ሺው-ላንን ዞር ብሎ ያያታል፤ እሷ ራሷን ስትነቀንቅለት «እሳት!» ብሎ ይጮኻል። ሠራተኞቹ ከኋላው ያሾፉበታል።

ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚንቀው ምራቱን ትዌትን ነበር። ልጁ ካገባት ጀምሮ «የቬትናሟ» ከማለት በቀር በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ወንድሟ አገሯ ደጋ ላይ ሻይ መትከሉን ከሰማ ወዲህ ደግሞ ንቀቱ ላይ ጥርጣሬ ተጨመረበት። ሴትዮዋ ከሰፌዶቹ ክፍል አትጠፋም። ከአማቷ ከሺው-ላን ኋላ ቆማ ጆሮዋ ላይ ታንሾካሹካለች።

ለዓመቱ የሻይ ውድድር የሚቀርበው ቅጠል ሊለቀም አንድ ቀን ሲቀረው ሊያውና ሺው-ላን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ሲያወሩ ሩዙ አረረ። ትዌት የምታሰጣውን ልብስ ጥላ ከግቢ እየሮጠች ገባችና ድስቱን አወረደች።

«ሩዝ እንኳ መጠበቅ አትችልም» አለ ሊያው። «አገሯ የሚበላው ያረረ ነው መሰለኝ።»

«የጣድኩት እኔ ነኝ» አለች ሺው-ላን።

ከሰዓት በኋላ ትዌትን ሰፌዶቹ መሃል አገኛት። ባንድ እጇ ቅጠል ጨብጣ፣ በሌላው ስልክ ይዛ በአገሯ ቋንቋ ታወራለች።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከወንድሜ ጋር፣ አባባ። እናታችንን አሟት ነው።»

«እናትሽ በእኔ ቅጠል ነው የምትታከመው? ሙያዬን ልትሰርቂ ነው የገባሽው። በይ፣ ሻንጣሽን።»

«ከዚህ ቤት ወጥቼ የት እገባለሁ?»

«ወንድምሽ ሻይ አለው አይደል? እሱን ልቀሚ።»

ባሏ አባቱ ሲቆጣ መሬት መሬት ከማየት ሌላ ሙያ የለውም። ያን ቀንም መሬቱን አየ።

«ውድድሩ እስኪያልፍ እንኳ ትቆይ» አለች ሺው-ላን።

«እሷ ከውድድሩ ጋር ምን አላት?»

ሺው-ላን ጎንበስ ብላ ሰፌዶቹን ታስተካክል ጀመር። ትዌት በማታው አውቶቡስ ከተራራው ወረደች።

የውድድሩ ቅጠል ተለቅሞ ተሰጣ። ጠወለገ። በርሜሉ ጋለ፣ ሠራተኞቹም ትእዛዝ ይጠብቁ ጀመር። ሊያው ደረቱን ነፍቶ ገባ፤ ሌባይቱን ስላባረረ ቀለል ብሎታል። ከሰፌዱ አንድ እፍኝ አንሥቶ ፊቱን ቀበረበት።

ዓለምን ያዳረሰው ያ ክፉ ጉንፋን ባልና ሚስቱን ካጠቃቸው ወዲህ ምንም የማይሸተው ሊያው እንደ ወትሮው ሚስቱን ዞር ብሎ አየ፤ እሷም ምንም ስለማይሸታት እንደ ወትሮዋ ወደ ኋላዋ ዞረች፤ እዚያ የቆመ ሰው አልነበረም።