ከኋላ ያለው መቀመጫ

ኤቭዶክሲያ የዓለም የቀዘፋ ሻምፒዮና የወርቅ ሜዳሊያዋን ኮት ኪሷ ውስጥ ከትታ ግሪክ አገር ያኒና ሐይቅ ዳር ስትደርስ፣ አባቷ ቭላሲስ ወደ ደሴቷ መንደራቸው ሊያሻግራት እየጠበቃት ነበር። ይህ አሣ አጥማጅ ዕድሜውን ሙሉ መቅዘፊያውን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ለእሷም ቢሆን። ዛሬ ግን አልፏት ሄደና ከጀልባዋ ኋላ፣ ሙሽሮችና ቄሱ ብቻ ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

"አባባ፣ አሞሃል እንዴ?"

"ቅዘፊ፣ አትለፍልፊ።"

ቀዛፊ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው የሚቀዝፈው፤ ስለዚህ ወደፊት እያየ "ቀኝ፣ ግራ" ማለት የቭላሲስ ፋንታ ነበር። እሱ ውሃን የሚያውቀው በትግል ነው። በእሷ እጅ ግን መቅዘፊያው ሲገባም ሲወጣም ድምፅ አልነበረውም፤ ራሱ የሠራት አሮጌ ጀልባ የማያውቃት ሆነችበት። ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ቆቡን አወለቀ።

ጀልባዋ ሸምበቆ ውስጥ ገብታ ተሰነቀረች።

ኤቭዶክሲያ ዞር ብላ አየችና፣ "አባባ፣ ዓይንህ የት ነበር?" አለችው።

ቭላሲስ ቆቡን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ፣ "ወደ ዳር መልሺኝና እንደገና አሻግሪኝ" አላት።