ቦታ ያጣው ዓምድ

ባሏ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ይመዘግበው የነበረውን የአባያ ዓሣ ምርት ወደ አዲሱ ፕሮግራም የሚያስገባውን ገጽ እየሠራች ነበር። እሱን ከቀበረች ወዲህ ዓይኗ ቶሎ ይደክማል። ለቀኑ፣ ለጀልባውና ለኪሎው ሳጥን አበጀች፤ «ማስታወሻ» የሚለው ዓምድ ብቻ ማረፊያ አጣ።

«ለሪፖርት አይጠቅምም እኮ፤ እለፊው በቃ» አለ አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ። «ይታለፍ» የሚለውን ቁልፍ ከተጫነችው የባሏ ቃል እዚያው አሮጌው ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀራል። እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

አለቃዋ ጎንበስ ብሎ አንዱን መስመር አነበበ፤ «ዛሬ ነፋስ ነው። ኤፍሬም መረቡን ለአዞ አስረክቦ ባዶ እጁን መጣ።» ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አፈረና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሳጥን እንጨምርለት። ሃምሳ ፊደል ይበቃዋል?»

«አይበቃውም ጋሼ» አለች። «ወሬ ይወድ ነበር።»