የፖሊሱ ሚስት ድምፅ

ሱትፋን ጫማዋን አውልቃ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማለች። ካምቱንግም በካልሲው ከጎኗ ቆሟል። ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ትከሻቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው። የአየር ማቀዝቀዣው ቀረጻውን በጩኸቱ ስለሚያበላሽ ጠፍቷል፤ ላብ በአንገቷ ይወርዳል።

ሸራው ላይ ፊልሙ ያለ ድምፅ ይሄዳል። ፖሊሱ እራት እየበላ ስልክ ይደወላል። ይነሳል። ሚስቱ ጃኬቱን ታቀብለዋለች። ተዋናዮቹ ፊታቸውን ሰጥተው ሄደዋል፤ ድምፁን ለሚስትየዋ የምትሰጣት ሱትፋን ናት፣ ለፖሊሱ ደግሞ ካምቱንግ።

«ቶሎ ተመለስ፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል» ትላለች ሱትፋን።

«አታስቢ» ይላል ካምቱንግ። ፖሊሱ በሩን ዘግቶ ይወጣል።

«ቁም! ቁም!» የቀረጻው ኃላፊ ጋሼ ፑን ከመስታወቱ ጀርባ ይጮኻል። «አንቺ ጨርሰሽ የሴትየዋ አፍ ገና ይንቀሳቀሳል እኮ!»

«ወረቀቱ ላይ ያለው ይኸው ነው ጋሼ።»

«እና ተዋናይዋ ምን እያለች ነው?»

ካምቱንግ ወደ ሸራው ጠጋ ይላል። «ቁጥር እየቆጠረች ነው። የምትናገረውን አልሰጧትም መሰለኝ።»

«ደራሲውም እየቆጠረ ነዋ የጻፈው!» ይላል ጋሼ ፑን። «መጀመሪያ ባንክ ይዘረፋል። ቀጥሎ አለቃው ጠረጴዛ እየደበደበ ሽጉጥህን አስረክብ ይላል። ከዚያ ጓደኛው የእጮኛውን ፎቶ ያሳያል…»

«ያኔ የሬሳ ሳጥን ማዘዝ ነው» ይላል ካምቱንግ።

«በመጨረሻ ባዶ ካርቶን የሞላ መጋዘን ውስጥ ይተኳኮሳሉ። እኔ ከነልጆቼ አንድ ክፍል ውስጥ ተጣብቄ እተኛለሁ፤ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለካርቶን ይሄን ሁሉ ቦታ ከየት ነው የሚያመጡት?»

ሱትፋንም ትስቃለች። እሷን ግን ካርቶኑ አስጨንቋት አያውቅም። እሷን የሚያስጨንቃት ሚስትየዋ ናት። በየፊልሙ ወረቀቱ «ሚስት» ይላል እንጂ ስም አይሰጣትም። ሥራ ይኑራት አይኑራት፣ ማንን ትቆጣ፣ ምን ትፈልግ፣ የጠየቀ የለም። ጃኬት ታቀብላለች፤ ቀጥሎ የምትታየው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስታለቅስ ነው። ሱትፋን አንድ ቀን በሩ ከተዘጋ በኋላ ካሜራው ፖሊሱን ተከትሎ ከመሮጥ እዚያው ቤት ውስጥ ቢቀር ትመኛለች። ሴትየዋ በቀዘቀዘው ሾርባ ምን እንደምታደርግ ማየት ትፈልጋለች።

እሁድ ካምቱንግ ወደ ቫንኩቨር ይበራል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጁ እዚያ ወልዳ ና ብላዋለች። ቀን ሻይ ሲጠጡ ነው የነገራት፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው፣ ኩባያውን እያማሰለ። ሱትፋን ብዙ ዓመት በዚህ ማይክሮፎን ፊት ሚስቱ ሆናለች። «እዚያ ይበርዳል፤ ወፍራም ካፖርት ግዛ» አለችው። ሌላ አልወጣትም። ወረቀት ሳትይዝም የተናገረችው የፊልሟን ሚስት ቃል ነበር።

«መልሱት!» ይላል ጋሼ ፑን።

ፊልሙ ወደ ኋላ ይሄዳል። የተዘጋው በር ይከፈታል። ፖሊሱ በጀርባው እየተራመደ ይገባል፣ ጃኬቱን ለሚስቱ ይመልሳል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ሱትፋን ከፊልሙ ሁሉ የምትወደው ይሄን ነው፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«አንድ ነገር ጨምሪበት እንግዲህ።»

«ምን ልበል ጋሼ?»

«የመጣልሽን። አፏ ባዶውን አይንቀሳቀስ እንጂ። ሚስትየዋ ስታወራ ሰው ሁሉ ሽንት ቤት ነው የሚሄደው።»

«እኔ አልሄድም» ይላል ካምቱንግ።

ጋሼ ፑን ይስቃል። ሱትፋን ቀና ብላ ካምቱንግን ታየዋለች፤ እሱ ግን ወረቀቱን ነው የሚያየው። ወረቀቱ ላይ ለእሱ የተጻፈለት አንዲት ቃል ናት።

ቀዩ መብራት ይበራል።

ስልኩ ይደወላል። ፖሊሱ ይነሳል። ሱትፋን ዓይኗን ከተዋናይዋ ከንፈር አትነቅልም።

«ቶሎ ተመለስ፤ ሾርባው ይቀዘቅዛል።» ከንፈሮቹ አሁንም ይንቀሳቀሳሉ። «ሾርባውን ተወው። አትሂድ። እንድትሄድ አልፈልግም።»

የመጨረሻው ቃል ከሴትየዋ ከንፈር ጋር እኩል ይዘጋል። እንዲህ ልክክ ብሎላት አያውቅም። ያኔ ነው የሰማችው፤ ድምፁ ለሚስትየዋ የምታወጣው ቀጭን ድምፅ አልነበረም። ሻይ ቤት ውስጥ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ቤቷ ብቻዋን ስትሆን የምታወራበት የራሷ ድምፅ ነበር።

ሸራው ላይ ፖሊሱ የበሩን እጀታ እንደያዘ ይዞራል። ተራው የካምቱንግ ነው። ፖሊሱ አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋል። ድምፅ የለም። በሩ ይዘጋል።

ጋሼ ፑን ሊጮኽ እጁን አንስቷል። ሁለቱን በመስታወቱ ያያቸዋል። እጁን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል።

«መልሱት» ይላል፣ በማይታወቅበት ለስላሳ ድምፅ።

ካምቱንግ አልተንቀሳቀሰም። ሱትፋን ልታየው አልደፈረችም፤ ሸራውን ታያለች። በሩ ይከፈታል። ፖሊሱ በጀርባው እየተራመደ ይገባል፣ ጃኬቱን ይሰጣታል፣ ይቀመጣል። የሾርባው እንፋሎት ከላይ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወደ ሳህኑ ይመለሳል።