ከማሸጊያው የወጣው ቀለበት

«ያገለገለ ቀለበት ገጥመህ ልታሞኘኝ ነው ዴልበርት?» አለ የውድድር መኪኖች መርማሪው ኦርቪል።

«ዓይንህን ታከም! ዛሬ ጠዋት የገጠምኩት ነው፤ ልጄ ገና አልነዳችውም።»

ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ በሩጫ መሃል ቢሰበር ነጂዋን እንዳይመታ የሚይዘው የብረት ቀለበት፣ ከውስጥ ተመትቶ ወደ ውጭ ጎብጧል። ዘንጉ ግን ጭረት እንኳ የለውም።

ዴልበርት እየተነጫነጨ ቀለበቱን ፈታና ከነማሸጊያው ሌላ አዲስ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ፕላስቲኩን የቀደደው ራሱ ኦርቪል ነበር።

ይኸኛውም እዚያው ቦታ ላይ ጎብጧል። ደግሞ ይፋጃል።

«ምን ልጻፍ?» አለ ኦርቪል ቅጹን ይዞ።

ኦርቪል እንደ ልማዱ ምርመራውን ሳይጨርስ የመኪናዋን ቁጥር በነጭ የጫማ ቀለም መስታወቷ ላይ ጽፎ ነበር፤ ቁጥር ያላት መኪና ደግሞ ምርመራውን እንዳለፈች ስለምትቆጠር መግቢያው በር ላይ የሚያስቆማት የለም። ሁለቱ ቀለበቱ ላይ እንዳፈጠጡ፣ ከጀርባቸው የዴልበርት ልጅ ሎሬታ ተራዋ ደርሶ ቀለበት የሌላትን መኪና ወደ መነሻው መስመር ነዳች።