የልብስ ሰፊዋ ጸሎት

ልብስ ሰፊዋ ግማሽ አካሏ ከከዳት ወዲህ፣ ባሏ ጠዋት ጠዋት የማይንቀሳቀሰውን ቀኝ እጇን ይዞ ያስማትባት ነበር። ያን ዕለት ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጇን ሳያነሳ ቀረ። ሐኪሙ ትናንት «እጇ ከእንግዲህ አይመለስም» ብሎ ቁርጡን ነግሮት ነበር።

«ምነው፣ ዛሬ አናማትብም?» አለችው በተኮላተፈ አንደበቷ።

«ተይኝ እስቲ! ይኼን ሁሉ ለምነን እግዚአብሔር መቼ ሰማን?»

አልተቆጣችውም። በደህናው ግራ እጇ የእሱን ቀኝ እጅ ያዘችና፣ ክብደቱ እያንቀጠቀጣት ወደ ግንባሩ አነሳችው። ከዚያም ደረቱን፣ ግራና ቀኝ ትከሻውን አስነካችው።

«እኔንስ ሰምቶኛል» አለች። «እኔ እኮ የምለምነው ስለ እጄ አይደለም፤ አንተን እንዳልሰለችህ ነው።»

ለካ ይኼን ሁሉ ጊዜ ሲጸለይለት የኖረው እሱ ነበር! ባልየው ከአልጋው ወርዶ፣ እጁን ከእጇ ሳያላቅቅ ተንበረከከ።